በአፍሪካ ሴቶች ልቦለድ ውስጥ መንፈስ ዕዳ ሲጠይቅ፦ ከ«ኤፉሩ» እስከ «ኪንቱ»

ብራና

ሰላም ለሁላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የልቦለዶቹን መጨረሻ ስለማወጣ ያላነበባችሁ ተጠንቀቁ።

የአፍሪካ ሴቶች በሚጽፉት ልቦለድ ውስጥ ሙት ሲመለስ ወይም እርግማን ትውልድ ሲሻገር ስናይ «ማጂካል ሪያሊዝም»፣ ማለትም ድንቅ ነገርን እንደ ተራ እውነት የሚያቀርብ አጻጻፍ፣ ብለን እናልፋለን። ይህ ስም ጉዳት አለው ባይ ነኝ፤ አንባቢው በድንቁ ተይዞ ሒሳቡ ያመልጠዋል። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ መንፈስ የሚመጣው የሚጠይቀው ነገር ስላለው ነው። ስለዚህ ስታነቡ ሦስት ነገር በእርሳስ ምልክት አድርጉ፦ ያጠፋው ማን ነው? የሚከፍለው ማን ነው? ሲከፈል ያየው ማን ነው? ሦስቱም አንድ ሰው ላይ ካረፉ ተራ የተረት ፍርድ ነው። ሲለያዩ ግን ደራሲዋ የምትለው ነገር አላት።

ናይጄሪያዊቷ ቡቺ ኤሜቼታ በ1979 ያሳተመችውን «ዘ ጆይስ ኦፍ ማዘርሁድ» («የእናትነት ደስታዎች») ውሰዱ። የኢቦው (ኢቦ በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ያለ ሕዝብ ነው) ባላባት አግባዲ ታላቅ ሚስቱ ስትሞት በወጉ መሠረት ባሪያዋ አብራት መቀበር አለባት። ልጅቷ እምቢ ብላ ስትታገል ከቤቱ ወንዶች አንዱ ራሷን በገጀራ መታት፤ ተቀበረች። ጥቂት ቆይቶ አግባዲ ከሚወዳት ሴት ንኑ ኤጎ የምትባል ልጅ ተወለደችለት፤ ራሷ ላይ እብጠት ነበራት። ዲቢያው፣ ማለትም የኢቦው አዋቂ፣ ያቺ የተገደለችው ባሪያ የሕፃኗ «ቺ» ሆና መጥታለች አለ። ቺ ማለት እያንዳንዱ ሰው ይዞት የሚወለደው፣ ዕድሉን የሚወስን የራሱ መንፈስ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ያጠፋው የአባትየው ቤት ነው፤ የምትከፍለው ሴት ልጁ ናት። በመጀመሪያ ትዳሯ ልጅ ተከለከለች። ሌጎስ ሄዳ ሁለተኛ ስታገባ የመጀመሪያ ወንድ ልጇ በሕፃንነቱ ሞተ፤ መጽሐፉም የሚጀምረው ራሷን ከካርተር ድልድይ ልትወረውር ስትሮጥ ነው። ከዚያ በኋላ ልጆች ይወለዱላታል፤ አሁን ደግሞ እነሱን ማሳደግ ይጨርሳታል። መንገድ ዳር ብቻዋን ስትሞት ልጆቿ ተሰብስበው ትልቅ ቀብር ያደርጉላታል፣ ልጅ ያጡ እንዲለምኗት የጸሎት ስፍራም ያቆሙላታል። እሷ ግን ለማንም ልጅ አትሰጥም። በሕይወት ሳለች የተከለከለችውን፣ መንፈስ ስትሆን ከልካይ ሆነች። ይህን በ«ድንቅ ምናብ» ብቻ ማለፍ መጽሐፉን ግማሹን አለማንበብ ነው።

ሰብል

ብራና፣ መለኪያህ ለኤሜቼታ ልክ ነው። ለሌላዋ ናይጄሪያዊት ደራሲ ለፍሎራ ንዋፓ ግን አይሆንም፤ ኤሜቼታ ደግሞ ያለ ንዋፓ አትነበብም።

የንዋፓ «ኤፉሩ» በ1966 በአሳታሚው ሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ 26ኛ ሆኖ የወጣ መጽሐፍ ነው። የሐይቋ አምላክ ኡሃሚሪ ናት፤ ሐይቁም በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ያለው ኦጉታ ነው። ኤፉሩ አንድ ልጇ ሞቶባታል፣ ሁለት ባሎቿም አልሆኗትም። በሕልሟ ከውሃው በታች የምትኖር ቆንጆ ሴት ማየት ትጀምራለች፤ በነጋታው ገበያዋ ይቀናል። ኡሃሚሪ እንደመረጠቻት ይነገራታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር ዕዳ ሳይሆን ውል ነው። የኢቦ ሳምንት አራት የገበያ ቀን አለው፦ ኤኬ፣ ኦሪዬ፣ አፎ፣ ንኩዎ። ኦሪዬ የኡሃሚሪ ቀን ስለሆነ በዚያ ቀን ኤፉሩ ከባሏ ተለይታ ብቻዋን ትተኛለች። በምትኩ ሀብትና ውበት ታገኛለች። ልጅ ግን የለም፤ ኡሃሚሪ ራሷ ልጅ የላትማ! ያላትን ትሰጣለች፣ የሌላትን አትሰጥም።

እዚህ ያጠፋ ሰው የለም፣ ቅጣትም የለም። ልጅ የሌላት ሴት ከመንደሩ ሐሜት የምትጠለልበት፣ የራሷ ሥርዓትና የራሷ ቀን ያለው ቦታ ነው የተሰጣት። ባል እንኳ ሊደፍረው የማይችል ቀን ማግኘት በዚያ ቤት ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። መጽሐፉ የሚያልቀው የእናትነትን ደስታ ያልቀመሰች አምላክን ሴቶች ለምን ያመልኳታል ብሎ ጠይቆ ነው። ኤሜቼታ ከ13 ዓመት በኋላ የመጽሐፏን ስም ያነሣችው ከዚያ መጨረሻ ላይ ነው። ንዋፓ የጠየቀችውን ኤሜቼታ በአንድ ሴት ሙሉ ዕድሜ መለሰችው። ስለዚህ ንባብ የሚጀምር ሰው ካለ ሁለቱን አከታትሎ ያንብብ፤ መጀመሪያ «ኤፉሩ»ን።

የኢባዳን መንገድ

ሰብል ልክ ብላለች፤ የዕዳና የውል ልዩነት መያዝ አለበት። እኔ ወደ ዮሩባዎቹ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ ሕዝብ፣ ልውሰዳችሁ፤ ብዙ አንባቢ የሚደናገረው እዚያ ነው።

ዮሩባ «አቢኩ» የሚለውና ኢቦ «ኦግባንጄ» የሚለው ተቀራራቢ ናቸው። ሁለቱም እየተወለደ በልጅነቱ የሚሞት፣ ተመልሶ በዚያችው እናት ማሕፀን የሚመጣ የመንፈስ ልጅ ነው። አንድ ግን አይደሉም። ኦግባንጄ ከመንፈስ ጓደኞቹ ጋር የሚያስተሳስረው «ኢዪ ኡዋ» የሚባል የተደበቀ ነገር አለው፤ ተቆፍሮ ካልወጣ ልጁ አይቆይም። በአቢኩ በኩል ትኩረቱ ልጁን መለመንና ማስቀረት ላይ ነው። እግሩ ላይ የሚንኳኳ ቃጭል ይደረጋል። ልመና የሆነ ስም ይሰጠዋል፦ ማሎሞ «ዳግም አትሂድ»፣ ዱሮጃዬ «ቆይና ኑሮን ቅመስ»፣ ኮኩሞ «ከእንግዲህ አይሞትም»። ከሞተም ሲመለስ እንዲታወቅ ገላው ላይ ምልክት ይደረጋል። አንድ ደራሲ ኢዪ ኡዋን ዮሩባ ቤት ውስጥ ሲያስቆፍር ካያችሁ ከሁለተኛ እጅ እየጻፈ ነው።

አሁን ናይጄሪያዊቷ አዮባሚ አዴባዮ በ2017 ያወጣችውን «ስቴይ ዊዝ ሚ»ን ተመልከቱ። ርእሱ ራሱ የአቢኩ ስም ነው፤ ሦስተኛዋ ልጅ ሮቲሚ ትባላለች፣ ትርጉሙም «ከእኔ ጋር ቆይ» ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1980ዎቹ በናይጄሪያዋ ከተማ ኢሌሻ ነው። ዋናዋ ባለታሪክ የጂዴ አልወለደችም፤ የባሏ ቤተሰብ ሁለተኛ ሚስት አምጥቶ ደጇ ላይ አቆመባት። ተራራ ላይ ወዳለ ነቢይ ሄደች፤ የታዘዘችውም ነጭ ፍየል፣ ቁስል የሌለው፣ ሌላ ቀለም ያልነካው ነው። ተራራው ላይ እንደ ልጅ ታቅፋ አጠባችው። ከዚያ ሆዷ አበጠ፤ አልትራሳውንድ ግን ምንም አያሳይም። ይህ ሁሉ ሲሆን ባሏ አኪን ችግሩ የራሱ መሆኑን ያውቃል። ወንድሙን በድብቅ ወደ ሚስቱ የላከው እሱ ነው።

የብራናን ጥያቄ እዚህ አስገቡት። የደበቀው አኪን ነው። ፍየል ያጠባችው የጂዴ ናት። ከዚያ ልጆች መወለድ ሲጀምሩና ሲሞቱ ደግሞ አሮጊቶቹ አቢኩ አሉ። ሦስተኛዋ ስትታመም የጂዴ እንደ ታላላቆቿ ሞተች ብላ ደምድማ ጥላ ሄደች። ልጅቷ ግን አልሞተችም። እናትና ልጅ የተገናኙት ከዓመታት በኋላ በ2008 ነው። አዴባዮ መንፈሱን አላስተባበለችም፣ አላረጋገጠችምም፤ እምነቱ በሰው ላይ የሚሠራውን ሥራ ነው በዝርዝር ያሳየችው።

ሄለን ኦዬዬሚ በ«ዘ ኢካረስ ገርል» (2005) የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። የስምንት ዓመቷ ጄሳሚ ግማሽ ናይጄሪያዊት፣ ግማሽ እንግሊዛዊት ናት። ኢባዳን በአያቷ ግቢ ቲሊቲሊ የምትባል ልጅ ታገኛለች፤ ሌላ ሰው ግን አያያትም። ቲሊቲሊ በመጀመሪያ ጓደኛ ናት፣ ቀጥላ የጄሳሚን ጠላቶች ትበቀላለች፣ በመጨረሻ የልጅቷን ቦታ ራሱን ትፈልጋለች። ቀስ በቀስ የሚገለጠው ጄሳሚ መንትያ እንደነበረች፣ እኅቷ ስትወለድ እንደሞተች ነው። ዮሩባ መንትያ ሲሞት «ኢቤጂ» የሚባል ትንሽ የእንጨት ምስል ያስቀርጻል፤ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ይመገባል፣ የሟቹ ድርሻ አይጓደልም። ለንደን ያሉት ወላጆች ይህን አላደረጉም። ኢቤጂውን ያስቀረጸው አያትየው ነው፣ ዘግይቶ። ዕዳው እንግዲህ የቀረ ሥርዓት ነው፤ የምትከፍለው ደግሞ ምንም ያልተነገራት ሕፃን።

ነጭ ጋውን

በሕክምናው በኩል ትንሽ ልጨምር፤ ልቦለዱን ስለሚነካው ነው።

በ«ስቴይ ዊዝ ሚ» ውስጥ ከአቢኩው ጎን የቆመው በሽታ ሲክል ሴል፣ ከወላጅ የሚወረስ የቀይ ደም ሕዋስ በሽታ፣ ነው። ሁለቱም ወላጆች ሳይታመሙ የበሽታውን ባሕርይ ከያዙ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። እያንዳንዱ እርግዝና ለብቻው ስለሚቆጠር ሁለት ልጅ ታሞ ሦስተኛው ጤነኛ ሊሆን ይችላል፣ ሦስቱም ሊታመሙ ይችላሉ። ለዚህ ነው ውጭ ሆኖ ለሚያየው ሰው «አንድ ልጅ እየሄደ እየተመለሰ ነው» የሚያስመስለው። ባሕርዩን ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰ ሰው ከከባድ ወባ በተወሰነ ደረጃ ስለሚጠበቅ ባሕርዩ ወባ በበዛበት ምዕራብ አፍሪካ ተስፋፍቷል። በደጋው ኢትዮጵያ ብዙም አይታይም።

እኛ ዘንድ ግን ተመሳሳዩን ቦታ የያዘ ነገር አለ፦ ሾተላይ። ልጅ በልጅ ላይ እየሞተባት የምትኖር ሴት «ሾተላይ አለባት» ትባላለች። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ሾተላይ ሲባል የአርኤች (ደምን ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ የሚያሰኘው ምልክት) አለመጣጣም ማለት ሆኗል። ደሟ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነ እናት አርኤች ፖዘቲቭ ልጅ ስትፀንስ፣ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እሷ ይገባና ሰውነቷ መከላከያ ያበጃል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። አደጋው በሁለተኛውና ከዚያ በኋላ ነው፤ ልጁ በከባድ የደም ማነስና ቢጫነት ይጠቃል፣ ወይ በሆድ ይሞታል። መከላከያው አንቲ ዲ የሚባለው መርፌ ነው፤ በ28ኛው ሳምንት አካባቢና ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ለገበያ የወጣው በ1968 ነው።

እባካችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፖዘቲቭ ደሙ ወደ ልጁ የሚመጣው ከአባት ነው። ስሙ የሚለጠፈው ግን በእናትየዋ ላይ ነው።

ዓባይ ዳር

ነጭ ጋውን፣ የመጨረሻዋ አንቀጽ የዚህን ውይይት ጉዳይ በትክክል አስቀመጠችው።

ስለ «ኪንቱ» ማንም አላነሣም፤ ዝም ማለት አይቻልም። የኡጋንዳዋ ጄኒፈር ናንሱቡጋ ማኩምቢ በዚህ ድርሰት በ2013 የኬንያው አሳታሚ ክዋኒ ያዘጋጀውን የረቂቅ ውድድር አሸንፋ በ2014 አሳተመችው። አወቃቀሩን ማወቅ ለአንባቢ ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው መሀሉ ላይ ጠፍቶ የሚተወው ሳያውቅ ስለሚገባ ነው። መግቢያው በጥር 2004 ካምፓላ፣ ብዋይሴ ሰፈር ነው፤ ካሙ ኪንቱ የሚባል ሰው በሌባ ጥርጣሬ ሕዝብ ገደለው። አንደኛው ክፍል ወደ 1750 ይመለሳል። ገዢው ኪንቱ ኪዳ ወደ ቡጋንዳ ቤተ መንግሥት ሲጓዝ የማደጎ ልጁን ካሌማን በጥፊ መታው፤ ልጁ ሞተ። ኪንቱ ነገሩን ደበቀ። ወላጅ አባቱ ንትዊሬ፣ ቱትሲ ነው፣ ሲያውቅ የኪንቱን ዘር ረገመ። ቀጣዮቹ አራት ክፍሎች በ2004 የሚኖሩ አራት ዘመዶችን አንድ በአንድ ይይዛሉ፤ እርስ በርስ አይተዋወቁም። ስድስተኛው ክፍል ቤተሰቡን በአያት መሬት ይሰበስባል።

ጥበቧ ያለው እዚህ ነው፤ አራቱም ሰዎች ስለሚደርስባቸው ነገር የየራሳቸው ማብራሪያ አላቸው። ካናኒ አጥባቂ ወንጌላዊ ክርስቲያን ነው፤ ለእሱ የዘር ነገር ሰይጣን ነው። አይዛክ ኒውተን የኤችአይቪ ምርመራ ውጤቱን ይፈራል። ሱቢን የሞተች መንትያዋ ትከተላታለች። ሚሲ የተማረ ሰው ነው፣ ባህሉን በንድፈ ሐሳብ ያብራራል፣ በመጨረሻ የሚያብደው ግን እሱ ነው። ማኩምቢ ለአንዱም አላዳላችም። ሐኪሙንም ካህኑንም አዋቂውንም ወደ አንድ ግቢ አምጥታ አስቀመጠቻቸው። በነገራችን ላይ ቅኝ ግዛቱን ሆን ብላ ዘለለችው፤ ከ1750 በቀጥታ ወደ 2004። ቤቱ የፈረሰው እንግሊዝ ከመምጣቱ በፊት በተደበቀ ሬሳ ነው ማለቷ ነው፤ ይህን ለማለት ድፍረት ያስፈልጋል።

ብራና በሦስተኛ ደረጃ ላስቀመጠው ጥያቄ፣ ማለትም «ያየው ማን ነው» ለሚለው፣ በ2019 የወጡ ሁለት መጻሕፍት ተመሳሳይ መልስ አላቸው። የዛምቢያዋ ናምዋሊ ሰርፔል በ«ዘ ኦልድ ድሪፍት» በየክፍሉ መካከል የትንኝ መንጋ አንድ ላይ ሆኖ ይናገራል። የእኛዋ መዓዛ መንግሥቴ በ«ዘ ሻዶው ኪንግ» የጣልያንን ወረራ ስትጽፍ ኮረስ አስገብታለች፤ ባለታሪኮቹ ሂሩትና አስቴር የማያውቁትን የሚያውቅ የብዙ ሰው ድምፅ። ተጎጂዋ ብቻዋን ስትሆንና የሚመሰክርላት ሲጠፋ፣ ደራሲዋ ምስክሩን ከባለታሪኮቹ ውጭ ትፈልጋለች።

ሰብል

ለሙሉነት ያህል፦ «ፍሬሽዋተር» (2018) ኦግባንጄን ከውስጥ ሆኖ፣ «እኛ» እያለ የሚተርክ ትልቅ መጽሐፍ ነው። ግን አክዋኬ ኤሜዚን የሴት ደራስያን ዝርዝር ውስጥ አታስገቡ፤ ደራሲው ራሱን ሴትም ወንድም ብሎ አይጠራም። መጽሐፉን አንብቡት፣ መደርደሪያውን ግን አስተካክሉ።

ቀሰም

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከዚህ ውይይት ጋር የሚሄድ ጥያቄ አለኝ። በ1950ዎቹ ጎጃም የምትኖር፣ አራት ልጆች በተከታታይ የሞቱባት ሴት አጭር ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። አንድም አልተረፈላትም። ደብተራ ዘንድ ሄዳ ክታብ ታስጽፋለች። መጨረሻ ላይ ሐኪም መጥቶ ሾተላይ የደም ነገር መሆኑን ያስረዳታል። የሚጎድለው ምንድን ነው?

ብራና

ቀሰም፣ ሐኪሙን ከመጨረሻው አውጣው። መጨረሻ ላይ የገባ ሐኪም ከዚያ በፊት የነበረውን ሁሉ ስሕተት ነበር ያሰኘዋል፤ አንባቢም ሴትየዋን አላዋቂ አድርጎ መጽሐፉን ይከድናል። አዴባዮ ሐኪሞቹን ከመሀል ጀምራ ነው ያስገባቻቸው፤ ስለዚህ የጂዴ ሁለቱንም እያወቀች ትቸገራለች። አንቲ ዲ በ1968 ከወጣ የ1950ዎቹ ሐኪምህ ምክንያቱን ያውቅ ይሆናል እንጂ መርፌው የለውም። ስሙን ይነግራታል፣ ሊያድናት ግን አይችልም። ከዚያ ወጥታ ወደ ደብተራው ብትሄድ አንባቢው ይገባዋል።

ክታቡን ደግሞ በሥራው አሳየን። ቆዳው የፍየል ወይም የበግ ብራና ነው፤ እየተቆረጠ ይሰፋና ርዝመቱ በባለቤቷ ቁመት ልክ ይሆናል፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቃት። ስለዚህ ደብተራው መጀመሪያ ይለካታል፤ ይህ ጥሩ ትዕይንት ይወጣዋል። ቀጥሎ ስሟንና የእናቷን ስም ጠይቆ በፊደል ቁጥር ኮከቧን ይቆጥራል። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ነው፤ አርእስቱና ቅዱሳን ስሞቹ በቀይ። ለወሊድ የሚጻፈው ጸሎተ ሱስንዮስ ነው፦ ወርዘልያ የምትባል ክፉ ሴት የሚወለዱ ሕፃናትን ትገድላለች፣ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ በጦር ይወጋታል፤ ሥዕሉም ይኸው ነው። በጸሎቱ መካከል ለባለቤቷ የክርስትና ስም ክፍት ቦታ ይተዋል፤ ስሙ ተደጋግሞ ይገባል። በየሙዚየሙ ባሉ ክታቦች ላይ የመጀመሪያዋ ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሴት ስም የገባበት ብዙ ነው።

ይህን ተጠቀምበት። አዲስ ለማስጻፍ አቅም የሌላት ሴት ከሌላ የተላለፈ ክታብ ስታገኝ፣ ስሙ ተፍቆ በአንድ ቦታ ላይ ሳይፋቅ ቢቀርስ? አንገቷ ላይ ያለው የማን ጥበቃ ነው? የታሪኩን ሕግ ራሱ ክታቡ ሰጠህ፤ አንተ ሌላ ሕግ መፍጠር የለብህም። ጸሎቱን ግን ሦስት ገጽ አትገልብጥልን፤ ሁለት መስመር ይበቃል። ደብተራውንም ሽበታም ጠቢብ አታድርገው። የሚያስከፍል፣ ቀን የሚቀጥር፣ ቤተ ክርስቲያን የማትደግፈውን ሥራ ተደብቆ የሚሠራ ባለሙያ ነው።

ነጭ ጋውን

ቀሰም፣ አንድ ነገር ማስተካከል አለብህ። አርኤች ከሆነ አራቱም ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊሞቱ መቻላቸው አይታመንም። የመጀመሪያው ልጅ በሕይወት መኖር አለበት፣ ወይም ከእሱ በፊት ውርጃ ነበር ማለት አለብህ። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ አባትየው ከአንድ ወላጁ ፖዘቲቭ፣ ከሌላው ኔጌቲቭ ወርሶ ከሆነ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ኔጌቲቭ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነዚህ አይጎዱም። ስለዚህ ከሞቱት መካከል አንድ የተረፈ ልጅ ብታስገባ ሳይንሱ ይፈቅድልሃል፤ መንደሩ ደግሞ ክታቡ ሠራ ይላል።

ቀሰም

እሺ፣ ታላቋን አስተርፋታለሁ፤ ዕድሜዋን ሰባት ዓመት አደርጋለሁ። ክታቡ ሲለካ የመለኪያውን ክር የምትይዘው እሷ ትሆናለች። ብራና «ያየው ማን ነው» ላለው መልስ አገኘሁ ማለት ነው። ነጭ ጋውን፣ የአባትየው ደም በዚያን ዘመን ምርመራ ሊታወቅ ይችል ነበር?

ነጭ ጋውን

ይችላል። የአርኤች ምርመራ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ይሠራ ነበር። ላቦራቶሪ ያለው ሆስፒታል ድረስ ግን አባትየው ራሱ መሄድ አለበት። ሚስቱን ብቻ ልኮ እሱ እርሻ ላይ ቢቀር ውጤቱ የእሷ ብቻ ሆኖ ይመለሳል። ታሪክህን እዚያ ላይ አጥብቀው።